የእማዬ ማርማላታ ለምን ቀላ

ለወንድሜ ለኮሊን፤

እንዴት ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የማዕድን ጉድጓዱ አቧራ ያመጣብህ ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት ያንቅሃል? ጆይስ እንዴት ናት? ወገቧን ተሻላት? ትሪሽ የፊት ጥርሶቿ በቀሉላት? ግራንትስ ትምህርት ቤቱን ለመደው ወይስ ዛሬም በሩ ላይ ሲደርስ ያለቅሳል? የካልጉርሊ ሙቀት እንዴት ይዟችኋል? እኛ በሬዲዮ ስንሰማው እንኳን ላብ ላብ ይለናል። እዚህ ሁላችንም ደህና ነን። ባለቤቴ ኸርብ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ሌላ ችግር የለበትም፤ የፖም ለቀማው ሊጀመር ስለሆነ መሰላሎቹን እየጠገነ ነው። እማዬም በአካሏ ደህና ናት። በአካሏ ያልኩት አስቤበት ነው።

ሰላምታውን ከልቤ ነው የላክሁልህ። ከዚህ በታች ያለው ግን ቁጣ ነው። መጀመሪያ ለብቻህ አንብበው፤ ለጆይስ ማንበብ አለማንበብህ ያንተ ጉዳይ ነው። ንዴቴ ይብረድልኝ ብዬ ጀምሬ የቀደድኩት ወረቀት ምድጃው ውስጥ አለ። አልበረደልኝም። ስለዚህ የሆነውን ሳልጨምርና ሳልቀንስ ከመጀመሪያው ጀምሬ እነግርሃለሁ።

የግሬይ ክሪክ የጓዳና የጓሮ ምርት ውድድር ትርኢት እንደ ወትሮው በፌብሩዋሪ የመጀመሪያው ቅዳሜ በአዳራሹ ተደረገ። አንተ ከሄድክ ወዲህ የተለወጠው የአዳራሹ ጣሪያ ብቻ ነው። ኬኩና ዳቦው በግራ፣ አትክልቱ በቀኝ፣ ማርማላታዎቹ ደግሞ ብርሃን እንዲያልፍባቸው መስኮቱ ሥር ተደርድረዋል። የነጭ ከረንት ፍሬ ማርማላታ ዛሬም የራሱ ጠረጴዛ አለው። የእማዬ ማርማላታ እንዴት ያለ እንደነበር ላስታውስህ አይገባኝም። ያቺ እንደ ዶቃ ብርሃን የምታሳልፍ፣ ውስጧ ያለው ዘር ሳይቀር የሚቆጠር ነጭ ፍሬ በእማዬ እጅ ተቀቅላና ተጣርታ ጠርሙስ ውስጥ ስትገባ ውሃ ነው ወይስ ማርማላታ ያሰኝ ነበር። አባባ ጋዜጣውን ከጠርሙሱ ጀርባ ይዞ የከብት ገበያውን ዜና በማርማላታው ውስጥ ጮክ ብሎ ሲያነብልን ትዝ ይልሃል። እኛ ልጆች ሆነን ከእማዬ ጠርሙስ ላይ የአንደኝነቱ ሰማያዊ ሪባን ጠፍቶ የሚያውቀው እኔ የተወለድኩ ዓመት ብቻ ነው፤ ያን ዓመት አላቀረበችም።

የዘንድሮዋ ዳኛ ከሆባርት የመጣች ወይዘሮ ታፕሴል የምትባል ሴት ናት። ዳኝነቱ ጠዋት አዳራሹ ተዘግቶ ያልቃል፤ እኛ የምንገባው ከምሳ በኋላ ነው። እማዬ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ያንን ላባ ያለውን ባርኔጣ አድርጋ፣ ክንዴን ይዛ ገባች። እንደ ልማዷ ወደ ጠረጴዛዋ በቀጥታ አልሄደችም። የሰው ካሮት አደነቀች፣ የሰው ኬክ አሽትታ አመሰገነች፣ ከዚያ ነው ቀስ እያለች ወደ መስኮቱ የዞረችው። ሰማያዊው ሪባን የዶሪን ጠርሙስ ላይ ነበር። የእማዬ ጠርሙስ ሥር ደግሞ አንዲት ካርድ ተቀምጣለች። በቀይ እርሳስ «ከደንቡ ውጭ። ቀይ ከረንት ተቀላቅሎበታል» ይላል።

ማርማላታው ሮዝ ነበር ኮሊን። አልዋሽህም። ከሌሎቹ ነጫጮች መሃል ደማቅ ሆኖ ለብቻው ይታያል። እኔ እማዬ ስትሠራው አላየሁም ነበርና ዓይኔን አላመንኩም። ግን ከዓይኔ ይልቅ እማዬን አውቃታለሁ። ገበያ ላይ የተሰነጠቀ እንቁላል እንኳን ሳትናገር ሸጣ አታውቅም።

ዶሪንን ታውቃታለህ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ከእማዬ ቀጥላ ሁለተኛ ስትወጣ የኖረችው ጎረቤታችን። ከጀርባችን መጣችና ሰው በሚሰማው ድምፅ «ኤቲዬ፣ ምነው ዘንድሮ ማርማላታሽ ጉንጩ ቀላ? አፍሮ ነው እንዴ?» አለቻት። ኬክ ጠረጴዛው ጋ የነበሩት ሴቶች ሳቁ። ከሳቁት መካከል ሁለቱ ልጆቻቸውን ሲወልዱ እማዬ ሌሊት ከጎናቸው ያደረች ናቸው።

ዳኛዋን ፈልጌ አገኘኋት። ሻይ እየጠጣች ነበር። እናቴ በሕይወቷ ቀይ ቀላቅላ እንደማታውቅ ነገርኳት። ስኒዋን እንኳን አላስቀመጠችም። «እመቤት፣ እኔ የምፈርደው ጠርሙስ ላይ እንጂ ሰው ላይ አይደለም። ሁሉንም ጎን ለጎን አስቀምጠሽ እይው። ነጭ ከረንት እንዲህ አይቀላም። እንዲያምር ብለው ቀይ ጣል ያደርጉበታል፤ እናትሽ የመጀመሪያዋ አይደለችም» አለችኝ። ይህን ያለችኝ እያዘነችልኝ ነው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስመለስ እማዬ እዚያው ቆማለች። ካርዱን አልነካችውም። ጠርሙሱን ግን ብርሃኑ በደንብ እንዲያልፍበት ትንሽ አዞረችው። ከዚያ «ቨርና፣ ጫማዬ ጠበበኝ። ወደ ቤት ውሰጂኝ» አለችኝ። መንገድ ላይ ስለ ዶሪን ዱባ አወራችልኝ። ዱባው ጥሩ ነው አለች።

ሪባን ቀረ ብዬ እንዲህ የምቃጠል መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል። ከዚያ በኋላ የመጣውን ስማ። ሰኞ ዕለት ሱቅ ሄጄ ስኳር ስጠይቅ ባለሱቁ ዓይኑን ጠቀስ አድርጎ «ቀይ ቀለምም ልጨምርልሽ?» አለኝ። ስኳሩን ባንኮኒው ላይ ትቼለት ወጣሁ። በዚያው ሳምንት የትርኢቱና የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሬጅ ኦትዌይ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ እማዬ ቤት መጣ። የፋሲካው ምሳ ላይ ከበጉ ሥጋ ጋር የሚቀርበው ማርማላታ ከአባባ ዘመን ጀምሮ የእማዬ ነው። «እትዬ ኤቲ፣ ዘንድሮ እርስዎ ይረፉ ብለን ነው። ዶሪን ትሥራው። ለእርስዎ አስበን ነው እኮ» አላት። እማዬም «ለእኔ አስባችሁ ነው ወይስ ለበጉ?» አለችው። ሬጅ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ከዚያ ወዲያ እሁድ ከጸሎት በኋላ ሻይ ለመጠጣት አልቆየችም። በሩ ላይ ቄሱን ትጨብጥና ቀጥታ ወደ መኪናው ትሄዳለች። ደግሞ አንድ ጠዋት ለኸርብ ስልክ ደውላ «ልጄ፣ ዶማህን ይዘህ ናልኝ። ከረንቶቹን ንቀልልኝና ድንች እተክልበታለሁ» አለችው።

ኸርብ ዶማውን የፖም ሳጥኖቹ ሥር ደብቆ እጀታው ተሰብሯል አላት። እስከ ዛሬ በየቀኑ ትደውልለታለች። «እጀታው ተጠገነ?» ትለዋለች። «እንጨቱን እየፈለግሁለት ነው እማማ» ይላታል። በጫካ ተከቦ እንጨት አጣሁ የሚል ሰው በዚህ አገር የመጀመሪያው እሱ ነው።

እኔ ግን መቀመጥ አልቻልኩም። ሬጅ ቤት ሄጄ ካርዱን እንዲያነሳ ጠየቅሁት። ደንቡ ደንብ ነው አለኝ። «እንግዲያው እፊታችሁ እሠራዋለሁ። በአዳራሹ ምድጃ፣ በአዳራሹ ድስት። ነጭ ከረንት ብቻውን ተቀቅሎ ሲቀላ በዓይናችሁ ታያላችሁ» አልኩት። ሬጅ ክፉ ሰው አይደለም። ቢያንገራግርም እሺ አለ። «ለምን እንደቀላ አሳይተሽ ካሳመንሽን በፋሲካው ምሳ ላይ ራሴ ተነስቼ፣ ዳኛዋ ተሳስታለች፣ እትዬ ኤቲ ይቅር ይበሉን እላለሁ» አለኝ። እጁንም ዘርግቶ ጨበጠኝ። ማታ ለኸርብ ስነግረው ቀና ብሎ አየኝና «ምድጃ ምን ያደርግልሻል አንቺ ሴት? ድስቱን አንቺው ላይ ይጣዱት፣ ቶሎ ይፈላላቸዋል» አለኝ።

የእማዬ ቁጥቋጦዎች ላይ ፍሬ አልቆ ነበር። የእኔ ግን ገና ነው። ቤታችን ኮረብታው ላይ ስለሆነ ቅዝቃዜው ዘግይቶ ይለቀናል፤ ከእሷ ቁጥቋጦ ቆርጬ የተከልኳቸው ቢሆኑም ፍሬያቸው የሚደርሰው የእሷ ተቀጥፎ ከተረሳ በኋላ ነው። ጤዛው እስኪደርቅ ጠብቄ የወፍ መከላከያ መረቡን ገለጥኩና ዝቅተኛዋ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። እማዬ እንዳስተማረችን ፍሬ በፍሬ ሳልነካ፣ ዘለላውን ከነአንገቱ በጥፍሬ ቆንጠጥ እያደረግሁ ቀጠፍኩ። ፀሐይዋ በፍሬዎቹ ውስጥ እያለፈች እጄ ላይ ታርፋለች። በሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። ያን ቀን ግን ለእያንዳንዱ ዘለላ የዳኛዋን ስም እየጠራሁ ነው የቆነጠጥኩት። ለእማዬ አልነገርኳትም። ሳሸንፍ ልነግራት ነው።

አዳራሹ ውስጥ ሬጅ፣ ዶሪን፣ ሌሎች ሁለት የኮሚቴ ሴቶችና ከሆባርት ድረስ ተመልሳ የመጣችው ወይዘሮ ታፕሴል ነበሩ። ቅርጫቱን ጠረጴዛው ላይ ገልብጬ ዘረገፍኩት። ዶሪን እጇን ከታ አገላበጠችና «ቀይ የለበትም» አለች፣ ኪሴን የፈተሸች ይመስል። ፍሬውን በሹካ ከዘለላው አራገፍኩ፤ ድስት ውስጥ ጨምሬ ጠብታ ውሃ ጣል አደረግሁበትና በእንጨት ማንኪያ እየጫንኩ እስኪፈነዳ ቀቀልኩት። ከዚያ ወንበር ገልብጠን ስሱን ጨርቅ በአራቱ እግሮቹ ላይ አስረን ጭማቂውን ለማጥለል አፈሰስንበት። ጨርቁን ማንም እንዳይጨምቀው ተባባልን፤ ከተጨመቀ እንደሚደፈርስ ሁላችንም እናውቃለን። ሬጅ አዳራሹን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

በማግስቱ ጠዋት ጭማቂውን በስኒ እየለካሁ፣ ለአንዱ ስኒ አንድ ስኒ ስኳር እያደረግሁ ጣድኩት። አረፋውን ገፈፍኩ። ከቀዝቃዛው ሰሃን ላይ ጠብ አድርጌ በጣቴ ገፋ ሳደርገው ወዲያው ተሸበሸበ። ረግቷል። በዚያን ጊዜ ረግቶልኛል ብዬ ደስ አለኝ፤ ሞኝነቴን እየው። ጠርሙስ ውስጥ ቀዳሁት። ሬጅ ወደ መስኮቱ አነሳው።

ነጭ ነበር። ከኋላው ያለው የሬጅ የሸሚዝ ቁልፍ አራቱም ቀዳዳዎቹ ይታዩ ነበር።

ወይዘሮ ታፕሴል ጓንቷን እያጠለቀች «በጣም ጥሩ ማርማላታ ነው። ያልኩትን ራስሽ አሳየሽልኝ፤ አመሰግናለሁ» አለች። ሬጅ ጫማውን ያያል። የባሰው ግን ዶሪን ናት። መጥታ ትከሻዬን ዳበስ አደረገችኝ። «አይዞሽ ቨርናዬ። እኛም ክፉ ሐሳብ የለንም። ዕድሜ እኮ ነው። ቀይ ጨምራበት ረስታው ይሆናል» አለችኝ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ እማዬ አታላይ ነበረች። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ደግሞ የጃጀች አታላይ ሆነች። ይህን ያመጣሁባት እኔ ነኝ፤ በገዛ ቅርጫቴ ተሸክሜ።

ጠርሙሱን ይዤ በቀጥታ ወደ እማዬ ሄድኩ። የሠራሁትን ስነግራት በመጀመሪያ ቁጣዋ ወረደብኝ። «ማን ሄደሽ ተሟገቺልኝ አለሽ? ምላስ የለኝም?» አለችኝ። ከዚያ ማንኪያ አመጣችና ማርማላታውን ቀመሰችው። ወደ መስኮቱም አነሳችው። ከዚያ ሳቀች ኮሊን። ከትርኢቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች።

«ነጭ ካልሆነማ ምን ሊሆን ኖሯል? ትናንት የደረሰ ፍሬ ነው። ወዲያው ቀጠፍሽው፣ ወዲያው ረጋልሽ። የእኔ እኮ እንዲህ አልነበረም» አለችኝ። እንዴት ነበር አልኳት። «ዛፉ ላይ ቆየ። ከረንት ዛፉ ላይ ሲቆይ ይጣፍጣል እንጂ የሚያረጋው ነገር ያልቅበታል። ሳፈላው አልረጋ አለኝ። ደግሜ አፈላሁት። እሱ እስኪረጋ ስጠብቅ ጊዜው ሄደ፤ ነጭ ከረንት ደግሞ ብዙ ሲፈላ ይቀላል። ሴትዮዋ ይህን ካላወቀች ማርማላታ አቃጥላ አታውቅም ማለት ነው» አለች።

አሁን ወደ አንተ መጣሁ።

ፍሬው ዛፉ ላይ ለምን እንደቆየ ልትጠይቀኝ አይገባህም። ለገና ሚስቴንና ልጆቼን ይዤ እመጣለሁ፣ ከረንቱን እኔ እቀጥፈዋለሁ ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ። ያንን ደብዳቤ ለሰው ሁሉ አነበበችው። ለቄሱ፣ ለባለሱቁ፣ ለዶሪን። ፍሬው ለገና ደረሰ። አንተ ለአዲስ ዓመት ይሻለናል አልክ። አዲስ ዓመት አለፈ፤ የወሩ መጨረሻ ላይ ፈቃድ ይሰጡኛል አልክ። መረቡ ላይ ሌላ መረብ ደረበችበት፤ የአባባን አሮጌ የዓሣ መረብ። ወፎቹ ግን ከሥሩ ይገቡባታል። በዚህ ዕድሜዋ ጠዋት ጠዋት የድስት ክዳን በማንኪያ እየደበደበች ግቢውን ስትዞር አየኋት። እኔ ልቀጥፈው ብያት ነበር። «እንዳትነኪው! ኮሊን ነው የሚቀጥፈው። ሁለቱ ልጆች መረቡ ሥር ተንበርክከው እየሰረቁ ሲበሉ ማየት አለብኝ» አለችኝ። አንተ በልጅነትህ ቀጫጭን ክንዶችህን እሾህ የሌለው ቁጥቋጦ ነው እያልክ መሃሉ ድረስ ትሰድ የነበረውን እያስታወሰች ብቻዋን ትስቃለች። ከዚያ ወሩ ሊያልቅ ሲል፣ ዘግይቶ፣ ከጆይስ ካርድ መጣ። ካርዱ ላይ ያላችሁት መልካም አዲስ ዓመት ብቻ ነው። ስለ መምጣት አንድ ቃል የለበትም። እማዬ ካርዱን ምድጃው በላይ አቆመችው። በማግስቱ መረቡን አንስታ ብቻዋን ቀጠፈችው። ግማሹ ለስልሶ ነበር፤ አንዳንዱም ጣት ሲነካው ይፈርሳል።

እኔ ይህን ሁሉ አይቻለሁ። ካርዱን አይቻለሁ፣ የድስት ክዳኑን ሰምቻለሁ። ከማርማላታው ቀለም ጋር ግን አላገናኘሁትም ነበር።

ለምን እንደዚያ ሆኖ እያየሽው ትርኢቱ ላይ አቀረብሽው አልኳት። የአምናው ማርማላታ ጓዳ ውስጥ ተደርድሯል። እኔ ከሠራሁት ይበልጥ የጠራ ነው። አንዱን አንስታ ብታቀርበው ማንም አያውቅባትም ነበር፤ ሪባኗንም ታገኝ ነበር። እማዬ ሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅኋት ሁሉ አየችኝ። «ደንቡ የዘንድሮ ፍሬ ይላል እኮ። የዘንድሮው ይኸው ነው» አለችኝ። እንግዲህ አታላይ የተባለችው ይህች ሴት ናት።

ባርኔጣዬን አነሳሁ። ተነሺ፣ አሁኑኑ ሬጅ ጋ እንሂድና ይህንኑ ንገሪው፣ ይበቃዋል አልኳት። አልተነሳችም። ማንኪያዋን አጥባ አደረቀችው። ከዚያ ያለችኝን ቃል በቃል እጽፍልሃለሁ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእሱ ብዬ ነውና።

«ምን ብዬ ልንገረው? ለምን ዛፉ ላይ አቆየሽው ይለኛል። ልጄ እመጣለሁ ብሎኝ ስጠብቀው ልበለው? ዶሪን እየሰማች? ይተዉኝ። ቀይ ቀላቀለች ይበሉ። ጃጀችም ይበሉ። ልጇ ረሳት ግን አይሉኝም» አለችኝ።

ከዚያም ለማንም የግሬይ ክሪክ ሰው እንዳልናገር አስማለችኝ። ማልኩላት። ሬጅ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ዓይኔን እያየ አንድ ነገር እንድለው ይጠብቃል፤ አልፌው እሄዳለሁ። ባለሱቁ ዛሬም ዓይኑን ይጠቅሳል። ዶሪን የፋሲካውን ማርማላታ ሠርታ ጨርሳለች። እናትህ የአንተን ስም ለመሸፈን የራሷን ስም ሰጥታለች፤ አንተ ደግሞ ይህን ሳታውቅ እዚያ በሰላም ትተኛለህ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው።

ሥራ እንዳለብህ አውቃለሁ። ፈረቃውንም፣ የባቡሩንና የመርከቡን ርቀትም አውቃለሁ። ሊመጣ ያልቻለ ሰው አልችልም ይላል። እማዬ አልችልም የሚለውን ቃል ትሸከመዋለች፤ አባባን ቀብራ በሳምንቱ ላም ያለበች ሴት ናት። ያልቻለችው መጠበቁን ነው። አንድ መስመር ብትጽፍላት ኖሮ ከረንቱን ለገና ቀጥፋው፣ ነጭ ሆኖ፣ ዛሬ ሪባኑ ምድጃው በላይ ይሰቀል ነበር። እዚያ ግን ያለው የጆይስ ካርድ ነው። እስከ ዛሬ አላነሳችውም።

የማልኩት ለግሬይ ክሪክ ሰው እንዳልናገር ነው። ለአንተ እንዳልናገር አልማልኩም። አንተም ለማንም አልማልክም። ስለዚህ ይህን ታደርጋለህ፦ ለሬጅ ኦትዌይ በራስህ እጅ ትጽፍለታለህ። እመጣለሁ ብዬ አልመጣሁም፣ እናቴ ፍሬውን ለእኔ ብላ ዛፉ ላይ አቆየችው፣ የቀላው በዚህ ምክንያት ነው ትለዋለህ። እንዳታሳምረው። ሬጅ እጄን ጨብጧል፤ ደብዳቤህ ከፋሲካ በፊት ከደረሰው ምሳው ላይ ተነስቶ ይናገራል። እማዬ ትቆጣኛለች። ትቆጣኝ። ከዚያ የተሻለ ነገር ላድርግ ካልክ ደግሞ ራስህ መጥተህ አዳራሹ ውስጥ ቆመህ ተናገረው። ልጆቹንም አምጣቸው፤ ከረንት ባይኖርም ፖም አለ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ጠርሙስ ልኬልሃለሁ። በጋዜጣና በበግ ፀጉር ጠቅልዬዋለሁና ሳይሰበር እንደሚደርስህ ተስፋ አደርጋለሁ። ከትርኢቱ የመለስኩት የእማዬ ጠርሙስ ነው። ከመብላትህ በፊት ወደ መስኮት አንሳው። ኸርብ ሲቀምሰው እናታችን እስከ ዛሬ ከሠራችው ሁሉ ይህ ይጣፍጣል አለ፤ እውነቱን ነው። ከበግ ሥጋ ጋር ብሉት። ልጆቹ ለምን ሮዝ ሆነ ብለው ከጠየቁህ ንገራቸው።

ጆይስን ሳምልኝ፤ ቁጣዬ ከእሷ ጋር አይደለም፣ ካርዱን እሷ እንድትጽፍ የተውክላት አንተ ነህ። ትሪሽን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳምልኝ። ግራንትን አክስትህ ለአንተ የፖም ዛፍ ላይ መቀመጫ አሠርታልሃለች በለው፤ ኸርብ እንጨት ከየትም ፈልጎ ሠርቶታል። ኸርብ ሰላም ብሎሃል፤ ኸርብ የሚቆጣው ሲርበው ብቻ ስለሆነ የእሱን ሰላምታ ያለ ሥጋት ተቀበል። ቄሱም ስለ ሳልህ ጠይቀውኛል።

እማዬ ከወዲያኛው ክፍል ሆና አተር እየፈለፈለች ነው። ለኮሊን እየጻፍኩ ነው ስላት ሰላምታ ብቻ መስሏታል። ትሪሽንና ግራንትን እንድስምላት፣ ጆይስ ወገቧን በሞቀ ጨርቅ እንድትይዝ፣ አንተም ደረትህን ነፋስ እንዳያገኘው ብላለች። ቁጥቋጦዎቹ ለመጪው ዓመት ጥሩ ቅርንጫፍ አውጥተዋልም በይው አለችኝ። ደግሞ አሁን ልጨርስ ስል ተጣርታ «እንዳይቸኩል በይው። ፍሬው ይጠብቀዋል» አለች።

እንዳለችኝ ጽፌልሃለሁ። ፍሬው ግን አይጠብቅም ኮሊን።

እህትህ ቨርና

ግሬይ ክሪክ፣ ታዝማኒያ
እሁድ፣ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1973